ጓሮ ውስጥ የፈሉት ሸረሪቶች የማን ልጆች ናቸው?

ባለፈው ኅዳር ደብረ ብርሃን አክስቴ ቤት ነበርኩ። ፀሐይ ወጥታ ውርጩ ከሳሩ ላይ እየቀለጠ ነው። አክስቴ ለምድጃዋ ኩበት ልታመጣ ወደ ጓሮ ዞረች። ከክምሩ አንዱን ብድግ ስታደርግ «በስመ አብ!» ስትል ሰማኋት። ሮጬ ደረስኩ። ኩበቱ ላይ በሥር በኩል የባዘቶ ቁራጭ የሚመስል ነጭ ነገር ተለጥፏል። ጎኑ ተቀዷል። ከቀዳዳው የጤፍ ፍሬ የሚያካክሉ ነገሮች እየወጡ ይርመሰመሳሉ።

«ላምባ አምጣ ልጄ፣ ሳይበተኑ እናቃጥላቸው» አለችኝ።

«ቆይ እትዬ፣ መጀመሪያ የማን ልጆች እንደሆኑ እንይ» አልኳት።

እሷ እንዳለችው ማድረግ የሚቀናው ሰው ብዙ ነው። አልፈርድም። የሚርመሰመስ ነገር ያስፈራል። ግን ሰሜን ሸዋ ውስጥ ጓሮ ያለው ሰው ሁሉ የሸረሪት ጎረቤት ነው። የድንጋይ ካቡ፣ የኩበት ክምሩ፣ የጭዱ ሥር፣ የጌሾው ቅጠል፣ ያረጀው ቆርቆሮ፣ ሁሉም ቤታቸው ነው። ከነዚህ ጎረቤቶች አብዛኞቹ ዝንብና ትንኝ እየበሉ ያግዙናል። አንድ ሁለቱን ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ መለየቱ ይጠቅማል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ልጆቹን ብቻ አይታችሁ መለየት አትችሉም። በዓለም ላይ ስም የወጣላቸው የሸረሪት ዝርያዎች ከ50 ሺህ በላይ ናቸው። ባለሙያው ራሱ ዝርያውን ቁርጥ አድርጎ ለመናገር ብዙ ጊዜ የጎለመሰ ሸረሪት ይፈልጋል። የመራቢያ አካሏን በማይክሮስኮፕ አይቶ ነው የሚወስነው። ሕፃኗ ላይ ያ አካል ገና አልወጣም። ቀለሟም ቆዳዋን በጣለች ቁጥር ይለወጣል። እኛ ጓሮ ቆመን ማወቅ የምንችለው ከየትኛው ቤተሰብ እንደሆኑ ነው። ለዚህ ደግሞ ከልጆቹ ይልቅ የወጡበት ከረጢትና እናትየዋ ይናገራሉ።

መጀመሪያ ሸረሪት ናቸው ወይ?

ይህን ደረጃ ዘላችሁት እንዳትሄዱ። በተለይ በግና ከብት ካላችሁ።

ከእንቁላል ገና የወጣ የመዥገር ልጅ ከሩቅ ሲታይ ሸረሪት ይመስላል። ቁጠሩት። የሸረሪት ልጅ 8 እግር አላት። የመዥገር ልጅ በዚያ ዕድሜው 6 ብቻ ነው ያለው። የሸረሪት ሰውነት ለሁለት የተከፈለ ነው፤ በመሃል ቀጭን ወገብ አላት። መዥገር ወገብ የለውም፤ አንድ ወጥ ነው። ሸረሪት ስትነካ ድር ለቃ ትንጠለጠላለች። መዥገር ድር የሚባል ነገር አያውቅም። ሳር ጫፍ ላይ ተሰብስቦ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ የሚያልፍ እንስሳ ይጠብቃል። አንዷ እናት መዥገር በሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ስለምትጥል መንጋው ብዙ ነው። በረቱ አጠገብ እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ «ሸረሪት ነው፣ አይጎዳም» ብላችሁ አትለፉት። የእንስሳት ሐኪም አማክሩ።

ሌላው አሳሳች ገበሬው «ቀይ ሸረሪት» የሚለው የቲማቲም ጠላት ነው። እሱም ቅጠል ሥር ስስ ድር ይሠራል። መጠኑ ግን ግማሽ ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ ቅጠሉንም በቢጫ ነጠብጣብ ያዥጎረጉረዋል። ይህ የመዥገር ዘመድ ነው። እውነተኛ ሸረሪት ቅጠል አትመጥም።

ቆጠራው ቀላል ነው። ነጭ ወረቀት ሥር አድርጉና ቅጠሉን ወይም እንጨቱን ቀስ ብላችሁ መታ መታ አድርጉ። አንዷ ስትወድቅ ብርጭቆ ድፉባት። በስልካችሁ ካሜራ ቀረብ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ፤ ከዚያ ፎቶውን አስፉት። ዓይናችሁ ያላየውን ስልኩ ያሳያችኋል።

ከረጢቱን ከከረጢት ስናነጻጽር

እናት ሸረሪት እንቁላሏን የምትጠቀልልበት ልቃቂት እንደየቤተሰቡ ይለያያል። እንደ ሸማኔ ነው፤ ሥራውን አይቶ ባለእጁን ማወቅ ይቻላል።

ጓሮ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የክብ ድር ሠሪዎቹ ነው። እነዚህ ጠዋት ጤዛ ሲያርፍበት የሚያበራውን ክብ ድር የሚሠሩት ናቸው። ከነሱ አንዷ በቀላሉ ትታወቃለች። ሆዷ ላይ ቢጫና ብርማ ዝንጉርጉር መስመር አለ። ድሩ መሃል ራሷን ቁልቁል ዘቅዝቃ፣ እግሮቿን ሁለት ሁለት አጣምራ የመስቀል ቅርጽ ሠርታ ትቀመጣለች። ድሯ ላይ ወፍራም ነጭ ጥልፍ ታስገባለች። ከረጢቷ ቡኒ ወይም አረንጓዴ ያዘለ፣ ወረቀት የመሰለ ነው። ቁጥቋጦ ውስጥ ይንጠለጠላል። ከውስጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ልጆች ይወጣሉ። መጀመሪያ ላይ አንድ ላይ ተጠቅልለው ኳስ ይሠራሉ። ጣታችሁን ስታስጠጉ ኳሱ ይፈርስና በየአቅጣጫው ይበተናል። ትንሽ ቆይቶ ተመልሶ ይሰበሰባል። ይህን ካያችሁ የክብ ድር ሠሪ ልጆች የመሆናቸው ዕድል ሰፊ ነው።

ሁለተኛዋ ተኩላ ሸረሪት የምትባለው ናት። ድር ዘርግታ አትጠብቅም፤ መሬት ለመሬት ሮጣ ነው የምታድነው። ካብ ሥርና እርሻ ዳር ትገኛለች። የሷን ከረጢት የትም ተለጥፎ አታገኙትም፤ ይዛው ትዞራለችና። አተር የሚያህል ድቡልቡል ነው። ወገቡ ላይ ዙሪያውን የተሰፋ የሚመስል መስመር አለው። ከኋላዋ ከድር ማውጫዋ ጋር አጣብቃ ትጎትተዋለች። ልጆቹ ሲደርሱ ከረጢቱን በስፌቱ በኩል ቀድዳ ታወጣቸዋለች፤ እነሱም ጀርባዋ ላይ ይወጣሉ። እናት አዝላ ስትሄድ ማየት ነው። ጀርባዋ ፀጉር ያበቀለ ይመስላል፤ ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ፀጉሩ ሁሉ ልጅ ነው። አንድ ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ አዝላቸው ትቆያለች።

ታዲያ ሁለቱ አይምታቱባችሁ። ከረጢቱ ቆሞ ልጆቹ አጠገቡ ከተሰበሰቡ ክብ ድር ሠሪን አስቡ። ልጆቹ የሚንቀሳቀስ ነገር ላይ ከሆኑ ተኩላዋ ናት።

ለተኩላዋ ሌላም ምልክት አለ። ማታ ባትሪ ግንባራችሁ አጠገብ አድርጋችሁ ብርሃኑን መሬት ለመሬት ወደ ካቡ ልቀቁት። ዓይኖቿ አረንጓዴ ሆነው ያበራሉ፤ ልክ እንደ ድመት። እኔ አክስቴ ካብ ላይ ይህን ሳደርግ ጤዛ መስሎኝ ነበር። ጠጋ ስል ጤዛው ተንቀሳቀሰ።

ከነዚህ ሌላ ሣር ላይ ድንኳን የምትሠራም አለች። ከረጢቷን በአፏ ይዛ፣ ሆዷ ሥር አድርጋ ትዞራለች። ልጆቹ ሊወጡ ሲሉ ሣሩን ወይም ቅጠሉን ሰብስባ በድር ትሸፍነውና ደጁ ላይ ዘብ ትቆማለች። ስለዚህ ከረጢቱ ከኋላ ከሆነ ተኩላ ሸረሪት፣ ከአፍ ከሆነ ይህችኛዋ ናት።

ቤት ውስጥ ጣሪያ ጥግ ላይ ያለችውን ቀጭን ረጅም እግር ሸረሪት ሁሉም ያውቃታል። እሷም እንቁላሏን በአፏ ትይዛለች፤ ግን ከረጢት አይባልም። በጥቂት ክር የታሰረ የወይን ዘለላ ይመስላል፤ እንቁላሎቹ አንድ በአንድ ይታያሉ። ልጆቹ ድሯ ላይ ተገልብጠው ይንጠለጠላሉ። ድሩን ስትነኩት እናትየዋ ራሷን እያርገፈገፈች ትሽከረከራለች። ምንም አታደርግም፤ እዚያው ተዉአት።

ግድግዳ ላይ እንደ ሳንቲም ጠፍጣፋ ሆኖ የተለጠፈ ነጭ ነገር ካለ ደግሞ የግድግዳ ሸረሪት ሊሆን ይችላል። እናትየዋም እንደ ከረጢቷ ጠፍጣፋ ናት፤ ስንጥቅ ውስጥ እንደ ወረቀት ትገባለች። የሚጣደፍ አረማመዷ ያስደነግጣል እንጂ አትጎዳም።

አበባ ለሚወድ ሰው ደግሞ ሸርጣን መሳይዋ አለች። የፊት እግሮቿን ወደ ጎን ከፍታ አበባ ላይ ትቀመጣለች። ነጭ ወይም ቢጫ ናት። መስከረም ላይ አደይ ስትቀጥፉ ልታገኟት ትችላላችሁ። ቅጠል አጥፋ እንቁላሏን ውስጡ ትደብቃለች፤ እዚያው ትጠብቃለች።

ልትጠነቀቋት የሚገባችው

አሁን ቁም ነገሩ ጋ ደረስን። «ብላክ ዊዶው» ሲባል ሰምታችኋል፤ በአማርኛ መበለት ሸረሪት ይሏታል። ቤተሰቡ ሰፊ ነው። አፍሪካ ውስጥ በሰፊው የምትገኘው ቡናማዋ ናት። ጥቁሮቹም አሉ።

የቡናማዋ ከረጢት ከሁሉም ይልቅ በቀላሉ ይለያል። ሽምብራ ላይ እሾህ ቢበቅል ምን ይመስላል? እሱ ነው። ነጭ ወይም ክሬም ቀለም ያለው ድቡልቡል ነገር ሆኖ ዙሪያውን ጥቃቅን የድር እሾህ አለው። የጭጎጎት ፍሬ በሉት። ክብ ድር ሠሪዋም ተኩላዋም እንዲህ አትሠራም። የጥቁሮቹ መበለቶች ከረጢት ግን ልሙጥ ስለሆነ በሱ ብቻ አትወስኑ። ድሩን ተመልከቱ። ቅርጽ የለውም፤ የተዘበራረቀ ነው። ስትነኩት ግን ጠንካራ ነው፤ ሲበጠስ ጠስ የሚል ድምፅ ይሰጣል።

ቦታውም ይናገራል። ከመሬት ብዙ ሳይርቅ፣ ጨለማና ደረቅ፣ ሰው ዘወትር የማይነካው ቦታ ትወዳለች። የፕላስቲክ ወንበር ሥር፣ የተጣለ ጀሪካን ጆሮ፣ የአበባ ማሰሮ ከንፈር፣ የተደረደረ ብሎኬት ቀዳዳ፣ ያረጀ ጫማ። እናትየዋ ተዘቅዝቃ ትንጠለጠላለች። ሆዷ እንደ ልብስ ቁልፍ ድቡልቡል ነው። ከሆዷ በታች ብርቱካናማ ወይም ቀይ ምልክት አለ፤ ሁለት ሦስት ማዕዘኖች ጫፍ ለጫፍ የተገናኙ ይመስላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ልጆቹ ላይ ያን ቀይ ምልክት ይፈልጋል፤ ሲያጣው «አይደለችም» ይላል። የመበለት ሸረሪት ልጆች ሲወለዱ ፈዛዛ ናቸው። ነጣ ያሉ፣ መስመርና ነጠብጣብ ያለባቸው ናቸው። ለይቶ የሚያሳውቅ ቀይ ነገር ላይኖራቸው ይችላል። ስለዚህ ደግሜ እላለሁ፤ ከረጢቱን እዩ፣ ድሩን እዩ፣ እናትየዋን ፈልጉ።

የሕፃናቱ ጥርስ የሰው ቆዳ ለመብሳት በጣም ትንሽ ነው። የሚያሰጋው እናትየዋ አጠገብ መሆኗ ነው። የቡናማዋ ንክሻ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቁሮቹ ይቀላል፤ ቦታው ላይ ያማል፣ ቀይ ይሆናል፣ ያልፋል። የጥቁሮቹ ግን ነርቭ ላይ ይሠራል። የጡንቻ ቁርጠት፣ የሆድ ሕመም፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽ ያመጣል። ልጆችና አረጋውያን ላይ ይከብዳል። ከተነከሳችሁ ቦታውን በሳሙና እጠቡ፣ ቀዝቃዛ ነገር አድርጉበት፣ ጤና ጣቢያ ሂዱ። በምላጭ መብጣት፣ በገመድ ማሰር፣ አይረዳም፤ ይጎዳል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ። ቆዳ ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ሲወጣ «ሸረሪት ሸናብኝ» ማለት ለምደናል። የሸረሪት ኩስ ግን ቆዳ አያቃጥልም። እንዲህ ያለ ቁስል የሚያመጡ ሌሎች ነፍሳት አሉ፤ ሰውነት ላይ ሲደፈጠጡ የሚያቃጥል ፈሳሽ የሚለቁ ጥንዚዛዎች አንዱ ናቸው። ውሃ የቋጠረው በሰውነት አንድ ጎን ብቻ እንደ ቀበቶ ከሆነና የሚጠዘጥዝ ከሆነ ደግሞ አልማዝ ባለጭራ ሊሆን ይችላል። ያ የቫይረስ ሕመም ነው፤ ቶሎ ከታከመ ይሻላል። ሸረሪት ላይ አሳባችሁ እንዳትዘገዩ።

ደጋ ናችሁ ወይስ ቆላ?

የሰሜን ሸዋ ነገር የሚገርመኝ ይሄ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ላይ ናት። ጣርማ በርን አልፋችሁ፣ ደብረ ሲናን ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ። መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ጋቢ ለብሶ የተነሳ ሰው በሸሚዝ ይደርሳል። ሸረሪቱም አብሮ ይለወጣል።

ቡናማዋ መበለት ሙቀት ትወዳለች። ስለዚህ ሸዋ ሮቢት ወይም አጣዬ ሆናችሁ እሾሃማ ከረጢት ካያችሁ ጥርጣሬያችሁን ከፍ አድርጉ። መንዝ ወይም አንኮበር ላይ፣ ውርጭ በሚመታው ጓሮ፣ ካብ ሥር ያገኛችሁት ድቡልቡል ነገር ተኩላ ሸረሪት የመሆኑ ዕድል ይበልጣል። ይህ ግምት ነው፤ በቦታ ብቻ አትፍረዱ። በጭነት መኪና ከቆላ የመጣ ዕቃ ሸረሪት ይዞ ሊመጣ ይችላል።

ቆላ ላይ ቁልቋል አጥር ካላችሁ ሌላም ታያላችሁ። ድንኳን መሳይ ድር እርስ በርሱ ተያይዞ ቁልቋሉን ሸፍኖት ይሆናል። ከረጢቶቹ አንዱ ካንዱ በላይ በክር እንደተሰካ ዶቃ ይደረደራሉ። የቡድን ኑሮ ስለሚወዱ ብዙ እናቶች ጎን ለጎን ይኖራሉ። ብዛታቸው ያስፈራል እንጂ ለሰው አደገኛ አይደሉም። ከመበለቷ የሚለያቸው ከረጢታቸው እሾህ የሌለው መሆኑና ድራቸው እንደ ወንፊት በሥርዓት የተሠራ መሆኑ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

የመበለት ከረጢት ከሆነ፣ በተለይ ሕፃናት የሚጫወቱበት ቦታ ከሆነ፣ አስወግዱት። በባዶ እጅ አትንኩ። በረጅም እንጨት ድሩን ከነከረጢቱ ጠቅልላችሁ ምድጃ እሳት ውስጥ ክተቱት፤ ወይም የሳሙና ውሃ ውስጥ ድፈቁት። እናትየዋን ሳታገኙ ጨረስኩ አትበሉ። ከዚያ በኋላ ያን ዕቃ ስታነሱ ጓንት አድርጉ፤ ጫማችሁንም አራግፉ። ላምባ መርጨቱን ግን ተዉት። ኩበትና ጭድ አጠገብ ላምባና ክብሪት ማምጣት ከሸረሪቱ ይልቅ ቤታችሁን ነው የሚያሰጋው።

ሌሎቹ በሙሉ ቢቀሩ ይሻላል። መንገድ ከዘጉባችሁ ከነተቀመጡበት ነገር አንሱና ጥላ ያለበት ቦታ አኑሯቸው። «ጓሮዬ ሁሉ ሸረሪት ሊሆን ነው» ብላችሁ አትስጉ። ልጆቹ ከረጢቱ ውስጥ ተፈልፍለው አንድ ጊዜ ቆዳ ከጣሉ በኋላ ነው የሚወጡት። ጥቂት ቀን አብረው ይቆያሉ፤ በሆዳቸው የቀረ የእንቁላል ስንቅ አለ። ከዚያ ብዙዎቹ ከፍ ያለ ነገር ላይ ይወጣሉ። ጭራቸውን ሽቅብ ቀስረው ቀጭን ድር ይለቃሉ፤ ነፋስ አንስቶ ይወስዳቸዋል። ዳርዊን በ1832 እ.ኤ.አ. በመርከብ ሲጓዝ ከየብስ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ሳለ እንዲህ በርረው የመጡ ሸረሪቶች መርከቡ ላይ ሲያርፉ አይቷል። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ነፋስ በሌለበት ሳጥን ውስጥ የአየሩ ኤሌክትሪክ ብቻውን ሊያነሳቸው እንደሚችል አሳይተዋል። ከመቶዎቹ ለአቅመ አዳም የሚደርሱት ጥቂት ናቸው። ወፍ ይበላቸዋል፣ ውርጭ ይገድላቸዋል፣ እርስ በርሳቸውም ይበላላሉ።

ወደ ኩበቱ ልመለስ። እግራቸውን ቆጠርን፤ 8 ነው። መዥገር አይደሉም። ከረጢቱ እሾህ የለውም፤ ወፍራም፣ ለስላሳ፣ እንደ ትንሽ ፍራሽ የተነጠፈ ነው። ዙሪያው የተዘበራረቀ ድር የለም። አክስቴ ቀጥሎ ያለውን ኩበት በጭራሮ ቀና ስታደርገው እናትየዋ ብቅ አለች። የምስር ፍሬ ታህላለች። ሰውነቷ አጭር፣ ፀጉራም ነው። ጣቴን ወደ ግራ ሳንቀሳቅስ ፊቷን ወደ ግራ አዞረች። ወደ ቀኝ ሳደርግ ወደ ቀኝ። ከፊት ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ተተክለዋል፤ ስልኬ ላይ ሳሰፋቸው እንደ መነጽር ያበራሉ። ዘላይ ሸረሪት ናት። ድር ዘርግታ አትጠብቅም፤ ዝንብ አይታ፣ ለክታ፣ ትዘላለች። ሰው ላይ ምንም ነገር የላትም።

«ታየኛለች እኮ!» አለች አክስቴ። ጎንበስ ብላ ብዙ ቆየች። ከዚያ ሁለቱን ኩበቶች እንዳሉ አንስታ ካቡ ላይ ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ አስቀመጠቻቸው። ለምድጃዋ ከክምሩ ወዲያኛው ጫፍ ወሰደች። ማታ ቡና ስናፈላ ለጎረቤቷ ስታወራ ሰማኋት፤ «ዞራ ታይሻለች፣ ልክ እንደ ሰው» ትላለች። ጎረቤቷም ነገ መጥታ ልታይ ተቀጣጠሩ።